ፊት አልባው ቆጠራ

አከራይዋን ከእንቅልፏ የቀሰቀሳት የሚቃጠል ጨርቅ ሽታ ነበር። በጓሮ በኩል ስትወጣ የልብስ ሰፊዋ በር ገርበብ ብሏል፤ መቀርቀሪያው ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል። ገፋ አድርጋ ገባች። ካውያው አንድ ቀሚስ ላይ እንደተደፋ ጨርቁን ጨርሶ ጠረጴዛውን መብላት ጀምሯል። ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ሥር ወድቃለች፤ ፀጉሯ በደም ርሷል። አከራይዋ መጀመሪያ የካውያውን ገመድ ነቀለች። ከዚያ ጮኸች።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ አምቡላንሱ ሄዷል። ትተነፍሳለች አሏት።

ባልደረቦቿ ኢንስፔክተሯን «ክፉ አያምጣ» ነው የሚሏት። ስልክ በጮኸ ቁጥር ከአፏ መጀመሪያ የሚወጣው ይኸው ስለሆነ ነው። አትቀየማቸውም። በዚህ ሥራ ላይ ክፉ ክፉውን የሚያስብ ሰው ብዙ ጊዜ አይሳሳትም።

ክፍሏ ጠባብ ናት። የደንበኞች ልብስ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ ምንም አልተነካም። ጥግ ላይ ሁለት አልጋዎች አሉ። የትንሿ አልጋ ብርድ ልብስ መሬት ድረስ ተጎትቷል። ምስማር ላይ የተማሪ ቦርሳ፣ ከአልጋው ሥር የተወለወለ የልጅ ጫማ።

«ልጅ አለቻት?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«አንዲት። ሰባት ዓመቷ ነው። ከእናቷ ጋር ሐኪም ቤት ሄዳ ነዋ!» አለች አከራይዋ።

«አምቡላንሱ ላይ ስትወጣ አይተሻታል?»

አከራይዋ አፏን በመዳፏ ያዘች።

ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ ጫማውን አየችው። ልጅቱ በነጠላ ጫማ ወይም በባዶ እግሯ ነው የወጣችው። ጠዋቱ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ወዲያው በሐሳቧ ጉድጓዱንም፣ ወንዙንም፣ የተዘጋውን መጋዘንም አየች፤ ጭንቅላቷን ነቅንቃ አባረረቻቸው።

«ማን ይመጣባት ነበር?»

«ማንም! ሰው ቢጠይቅሽ እንዲህ ያለች ሴት እዚህ የለችም በይ ብላኛለች። ስትወጣ ፊቷን በሻርፕ ሸፍና ነው።»

«ማንን ነበር የምትፈራው?»

«አልጠየቅኋትም። ስትራመድ ያየ ሰው አይጠይቅም። ግራ እግሯን ትጎትታለች።»

አብሯት የመጣው ሃምሳ አለቃ ሸሚዞቹን በጣቱ ገለጥ ገለጥ አደረገ። «ሌባ አይደለም፣ አለቃዬ።»

«ሌባ ቢሆን በወደድኩ ነበር» አለች።

*

ፖሊስ ያስጠራት የልብስ ሰፊዋ እህት ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብላ የእህቷን ሻርፕ በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

«አድራሻዋን ለማን ነው የነገርሽው?»

«እኔ?» እህትየው ቀና አለች። «እኔ ራሴ መቼ አወቅኩትና! ያላወቅሽውን አታወጪም ብላ ከለከለችኝ። አልፎ አልፎ ከማላውቀው ስልክ ትደውላለች፤ ደህና ነን ትላለች፤ ትዘጋለች።» ድምጿ ዝቅ አለ። «የት ነበር የምትኖረው? ሩቅ ነው?»

«ከዚህ ሦስት ፌርማታ ነው።»

እህትየው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ኢንስፔክተሯ አጠገቧ ተቀመጠች። ይህቺ ሴት እየዋሸች እንደሆነ ለማሰብ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

«ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው» አለች እህትየው በመጨረሻ። «እግሯን የሰበረው እሱ ነው። ልትወጣ ስትል በሩን ደረገመባት። ከዚያ ወዲህ እግሯ እንደ ድሮው አልሆነም። ልጅቷን ይዛ ከጠፋች ሦስት ዓመቷ ነው። ስሟን ቀየረች፤ ፀጉሯን ቆረጠች፤ ስልክ ጣለች። ከዚህ በላይ ሰው እንዴት ይጠፋል?»

ሃምሳ አለቃው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ስልክ ሲያወራ ቆይቶ መጣ። ፊቱ ላይ ደስታ የለም።

«ሾፌሩ አልነበረም። ትናንት ማታ ሌላ ከተማ መጋዘን ግቢ ገብቷል። ዘበኛው መኪናዋን አይቷታል፤ ጠዋትም እዚያው ነበረች። ሰሌዳዋን ሳይቀር አነበበልኝ።»

«ስልኩስ?»

«ዝግ ነው። ሾፌር ነው፤ ይተኛ ይሆናል።»

ኢንስፔክተሯ ልብስ ሰፊዋ የተኛችበትን ክፍል በር አየች። ሰውየው ካልመጣ ማን መጣ? ከመጣስ፣ ማንም የማያውቀውን ቤት ማን አሳየው?

*

የሾፌሩ እናት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ጡረታ የወጡ የጽሕፈት ሠራተኛ ናቸው፤ ጣቶቻቸው ዛሬም ፈጣን ናቸው። በሩን የከፈቱት የሹራብ መርፌያቸውን ብብታቸው ሥር እንደሸጎጡ ነው። ጠረጴዛው ላይ ስልካቸው በመጽሐፍ ተደግፎ ቆሟል።

«ግቢ ልጄ፣ ቁጭ በይ። ዓይኔ በዚህች ስልክ ደክሟል። በቤት የምትሠራ ትንሽ ሥራ አለችኝ፤ ቁጭ ከማለት ይሻላል ብዬ ነው።»

ኢንስፔክተሯ የሆነውን ነገረቻቸው። አሮጊቷ መርፌውን ከክሩ ላይ ጣሉት፤ ጎንበስ ብለው ሲያነሱ ቆዩ። አንድ መርፌ ለማንሳት የማይፈጅ ጊዜ ነው የቆዩት።

«በሕይወት አለች?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«እናትየው አለች። ልጅቷን አላገኘናትም። ልጅዎ የት ነው ያለው እማማ?»

«መንገድ ላይ ነዋ። ሾፌር የት ይሆናል?»

«የልጅ ልጅዎን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ኧረ እሱማ ቆየ። አራት ዓመቷ ነበር።» መዳፋቸውን ከጠረጴዛው ጠርዝ በታች ያዙ። «እዚህ ላይ ነበረች። አሁን መንገድ ላይ ባገኛት አላውቃትም።»

ጭናቸው ላይ ያለው ሹራብ ቢጫ ነው፤ ፊት ለፊት ሁለት ኪስ አለው፤ አንድ እጅጌ ብቻ ቀርቶታል። ኢንስፔክተሯ ልጅ ያሳደገች ናት፤ እጇን ሳታዘው ትከሻውን በስንዝሯ ለካችው።

«ቆንጆ ነው። ለማን ነው?»

«ለጎረቤት ልጅ» አሉ አሮጊቷ ቶሎ።

ወደ ደረጃው ስትወጣ ኢንስፔክተሯ ዞር ብላ አየች። ፎቁ ላይ ያለው ሌላ በር አንድ ብቻ ነው። ቁልፉ ዝጓል፤ የሸረሪት ድር ይዞታል። ነገሩን አየችው እንጂ አላሰበችበትም። ሐሳቧ በሙሉ የአንዲት ልጅ ባዶ እግር ላይ ነበር።

*

«ከሴትየዋ ቤት አጠገብ፣ ማዕዘኑ ላይ ካሜራ አለ አይደል?» አለ አዛዡ በስልክ። «ከዚያ ፊቱን አውጪልኝ! ለምን ታዞሪኛለሽ?»

ካሜራው ምሰሶ ላይ የተሰቀለች ትንሽ ነጭ ሳጥን ናት። ሰውና መኪና ትቆጥራለች። የትኛው መንገድ እንደሚጨናነቅ፣ የት መብራት እንደሚያስፈልግ የሚወስኑት በእሷ ቁጥር ነው። የቆጠራ ቢሮው ኢንጂነር ቀጭን ወጣት ነው፤ ጥያቄውን ሳትጨርስ ራሱን ነቀነቀ።

«ፊት የለንም፣ ኢንስፔክተር።»

«እንዴት የላችሁም? ካሜራ አይደለም እንዴ?»

«ካሜራው ውስጥ ያለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሰውን ሰው ነው፣ መኪናን መኪና ነው ብሎ ይቆጥርና ምስሉን እዚያው ያጠፋዋል። ለኛ የሚደርሰን ቁጥር ነው። መንገድ ላይ የሚያልፈው ሰው ማን እንደሆነ የማወቅ መብት የለንም።»

በኩራት ነው የተናገረው። ኢንስፔክተሯ ልጅ ቢጠፋበት ይህን ኩራት የት እንደሚያስገባው ልትጠይቀው አሰበች። ተወችው።

«ቁጥሩንስ ማየት እችላለሁ?»

ወጣቱ ቁልፎቹን መታ መታ አደረገ። «ይኸው። ጎህ ሳይቀድ አንድ ትንሽ መኪና ቆሟል። የጭነት አይደለም። አንድ ሰው ወደ ጓሮው መንገድ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ሁለት ወጡ። አንዱን ማሽኑ ልጅ ብሎታል።»

«ልጅቷን ተሸክሟት ነው?»

«ተሸክሟት ቢሆን እንደ አንድ ይቆጥራቸው ነበር። በእግሯ ነው የሄደችው።»

ኢንስፔክተሯ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። ከጠዋት ጀምሮ የሰማችው የመጀመሪያው ደግ ነገር ይህ ነው፤ ያውም ፊት ከሌለው ቁጥር።

«ማሽኑ እንዳልተሳሳተ በምን አውቃለሁ?»

«እሱማ እናርመዋለን። በየቀኑ ከየማዕዘኑ አጫጭር ቪዲዮ ለአራሚዎች ይላካል። ሰዎች ናቸው። በዓይናቸው ይቆጥራሉ፤ ከማሽኑ ጋር እናስተያያለን።»

«ምስሉ ይጠፋል አላልከኝም?»

«ይኼ የቀን ቀን ብቻ ነው፤ ለእርማት። ፊቱም ደብዝዟል።» ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረው። «ይዩት። እናት እንኳ ልጇን አታውቅም።»

መንገድ። ፊታቸው እንደ ጭጋግ የሆነ ሰዎች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ከላይ ጥግ ላይ የማዕዘኑ ስምና ሰዓቱ በትንሹ ተጽፏል። ከዚያ አንዲት ልጃገረድ ገባች፤ ቦርሳዋን ባንድ ትከሻዋ አንጠልጥላ፣ እጅጌዋን እስከ ጣቷ ስባ፣ የኋሊት እየተራመደች ለጓደኞቿ ታወራለች።

«ይቺ ልጄ ናት!» አለች ኢንስፔክተሯ ብድግ ብላ።

«እንዴ… ፊቷ እኮ አይታይም።»

«ፊቷን ምን ላድርገው! መኪና መንገድ ዳር የኋሊት የምትሄድ ሌላ ልጅ አለች? አንድ ቀን ትገጪያለሽ እያልኩ ምላሴ ተላጠ!» ሰዓቱን አየች። «ደግሞ በትምህርት ሰዓት! ይሄ ረጅሙስ ማነው?»

«ኢንስፔክተር፣ እሱን…» ኢንጂነሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «የማወቅ መብት የለንም።»

ሃምሳ አለቃው ሳል አስመስሎ ሳቁን ዋጠ። ኢንስፔክተሯ ግን አልሳቀችም፤ አልተቆጣችም። ስክሪኑ ላይ ፈዛ ቀረች። ልጇን ያወቀቻት በፊቷ አይደለም። ስለዚህ ሌላ ሰውም ሌላ ሰው በፊቱ ላያውቅ ይችላል። አንዲት ሴት ፊቷን በሻርፕ ሸፍና፣ ከሻርፑ በላይ ማሽን አደብዝዞላት፣ ግራ እግሯን እየጎተተች በዚህ መንገድ በየቀኑ አልፋለች።

«ይህን ቪዲዮ ማን ማን ያየዋል?»

«አራሚዎቹ ብቻ። ቤታቸው ሆነው በስልካቸው ይሠራሉ። ብዙዎቹ ጡረተኞች ናቸው፤ ትዕግሥት አላቸው።»

«ያንን ማዕዘን የሚቆጥረው ማነው?»

«አንዲት ጡረታ የወጡ የጽሕፈት ሠራተኛ። ጎበዝ ናቸው፤ ተሳስተው አያውቁም። እንደውም ያንን ማዕዘን እንዳትቀይሩብኝ፣ ለምጄዋለሁ ብለው…» ወጣቱ የኢንስፔክተሯን ፊት አይቶ አቆመ።

ቢጫ ሹራብ። ጎረቤት የሌለው የጎረቤት ልጅ። አራት ዓመቷ ላይ ለታየች ልጅ የሰባት ዓመት ትከሻ። ሹራብ ደግሞ ባንድ ጠዋት አያልቅም፤ አሮጊቷ የልጅቷን ቁመት ያወቁት ዛሬ አይደለም።

«ዘበኛው ጋ ደውል» አለችው ሃምሳ አለቃውን ደረጃውን እየወረደች። «መኪናዋን አየሁ ነው ያለህ። ሰውየውንስ ፊቱን አይቶታል?»

ሃምሳ አለቃው መኪናው ውስጥ ደወለ፤ አዳመጠ፤ ስልኩን ቀስ ብሎ ዘጋ።

«ይዟት የገባው ረዳቱ ነው። ሾፌሩ ከኋላ ተኝቷል ብሎታል። ዘበኛው ብርድ ልብስ ነው ያየው። ጭነቱ ከተራገፈ በኋላ ረዳቱ መኪናዋን ይዞ ወደዚህ ተመልሷል።» ግንባሩን መታ። «ጥፋቱ የኔ ነው አለቃዬ። መኪና ቆጥሬ ሰው ቆጠርኩ ብዬ ተኛሁ።»

*

አሮጊቷ በሩን ሲከፍቱ ቀድመው ያለቅሱ ነበር።

«ሹራቡ ልኳ ነው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

ገብተው ተቀመጡ።

«እማማ፣ በማን ልክ ሠሩት?»

«ማዕዘኑ ላይ ባለ መስመር ምሰሶ አለች፣ ቢጫና ጥቁር» አሉ አሮጊቷ። «ሁልጊዜ እሷን ታቅፋ አንዴ ትዞራታለች። ሦስተኛው መስመር ላይ ትደርሳለች። ሄጄ ምሰሶዋን በክር ለካሁ። እነሱ በሌሉበት ሰዓት፣ እንዳላስደነግጣቸው።»

«መጀመሪያ ያወቋቸው በምንድነው?»

«በእግሯ ነዋ። ያቺን እግር እኔ ነኝ ያሸሁት፣ ወጌሻ ጋ የወሰድኳት። ፊት ቢሸፍኑት ምን ይሆናል? ከጎኗ ደግሞ አንዲት ትንሽ ትዘላለች። ሥራዬ መቁጠር ነው፤ ቆጠርኳቸው። ሁሉንም ቆጥሬ እነሱን መጨረሻ ላይ ነበር የምቆጥረው።»

«ለልጅዎ ለምን ነገሩት?»

«ልነግረው አልነበረም! ስልኬን እያየሁ ስስቅ መጣ። ምን ያስቅሻል አለኝ። ደስታ ሰውን ያስለፈልፋል፤ እንዴት አድጋለች መሰለህ አልኩት። ዝም አለ። ዝምታውን አላየሁትም፣ እሷን እያየሁ ነበራ። ቦታው ደግሞ እዚያው ላይ ተጽፏል።»

ኢንስፔክተሯ ወንበሩን አስጠግታ ተቀመጠች። ሃምሳ አለቃው በሩ ላይ ቀረ።

«የት ነው ያለው?»

«ዛሬ ደወለ። ልጄን አግኝቻለሁ፣ ሙቅ ልብስ አዘጋጂላት አለኝ። እናቷን ምን እንዳደረጋት አልነገረኝም፤ ካንቺ ነው የሰማሁት።» መርፌዎቹን ጨበጡ። «እናቱ ነኝ እኮ፣ ልጄ። ገና ሲወለድ ጀምሮ ምን ይሆንብኝ ይሆን እያልኩ ነው ያሳደግኩት። ምን ያደርግ ይሆን ብዬ ግን ፈርቼ አላውቅም።»

ኢንስፔክተሯም ለልጇ የምትፈራው መኪናውን፣ ጉንፋኑን፣ ሌላውን ሰው ነው።

«ሴትየዋ በሕይወት አለች» አለቻቸው። «ልጅቷ በነጠላ ጫማ ናት። ዛሬ መንገድ ከወጡ አናገኛትም።»

አሮጊቷ ሹራቡን ከመርፌው አወጡ። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት።

«በመውጫው መንገድ ያለው የመኪና ማጠቢያ። መኪናዋ እስክትመጣልኝ እዚያ ነው ያለሁት ብሎኛል።» ሹራቡን አቀበሏት። «አልጨረስኩትም። ይብረዳታል፤ ውሰጂላት።»

*

የጭነት መኪናዋ ደርሳ ነበር። ረዳቱ ጎማውን በውሃ ይመታል፤ ሾፌሩ በሩ አጠገብ ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል፤ ጎህ ሳይቀድ የተቆጠረችው ትንሽ መኪና ከጎኑ ቆማለች። ሁለት ፖሊሶች ከኋላ፣ ሃምሳ አለቃው ከፊት ሲመጡ ለመሮጥ አልሞከረም።

«ልጄን ነው የወሰድኩት» አለ። «ሰው ልጁን ቢወስድ ወንጀል ነው?»

«የእናቷን ጭንቅላትስ ለማን ብለህ ነው የፈነከትከው?» አለው ሃምሳ አለቃው፣ እጁን እያሰረ።

ኢንስፔክተሯ ወደ ጋቢናው ወጣች። ልጅቱ ብርድ ልብስ ተከናንባ ጉልበቷን አቅፋለች። አንድ እግሯ ላይ ነጠላ ጫማ አለ፤ ሌላኛው ባዶ ነው። አላለቀሰችም። ኢንስፔክተሯን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«እማዬ ካውያውን አጠፋችው?» አለች።

ኢንስፔክተሯ ሹራቡን ዘረጋችላት።

«ጠፍቷል። አከራያችሁ አጥፍታዋለች።»

«ቤቱ አልተቃጠለም?»

«አልተቃጠለም። እናትሽም ሐኪም ጋ ናት። ነይ፣ እጅሽን አግቢ።»

ሹራቡ ልኳ ነበር። በሌለው እጅጌ በኩል ቀጭን ክንዷ ወጥቶ ቀረ።

*

«ፊት ቢኖረን ባንድ ሰዓት እንይዘው ነበር» አለ አዛዡ በማግስቱ። «ካሜራው ፊት እንዲያስቀር ደብዳቤ እጽፋለሁ።»

«እንይዘው ነበር ጌታዬ» አለች ኢንስፔክተሯ። «እሱም ከሦስት ዓመት በፊት ይይዛት ነበር።»

አዛዡ ብዙ ጊዜ «ክፉ አያምጣ» እያለ ይቀልድባት ነበር። አሁን አልቀለደም። ደብዳቤውን ይጻፍ አይጻፍ ግን አልነገራትም፤ እሷም ሌሊቱን ይህን ስታስብ አደረች።

ኢንጂነሩ ሳትጠራው ነው የመጣው። የአራሚዎቹን ቪዲዮ በሙሉ አጥፍቶታል። ከእንግዲህ የሚደርሳቸው ሰው ሳይሆን የምትንቀሳቀስ ነጥብ ብቻ ናት፤ አካሄድ የላትም፣ ቁመት የላትም፣ የማዕዘኑም ስም አይጻፍም።

«ነጥብ የኋሊት ብትሄድስ?» አለችው።

«እናትም አታውቃትም።» ከዚያ ዓይኑን ሰበረ። «ይህን ግን ከዚህ በፊትም ብዬ ነበር፤ አይደል?»

ልብስ ሰፊዋ አፏን የፈታችው በሦስተኛው ቀን ነው። ልጇ ከጎኗ ጋደም ብላ ታዳምጣለች። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«በምን አገኘኝ?»

ኢንስፔክተሯ መዋሸት ትችል ነበር። «በእርምጃሽ፤ ምሰሶው ላይ ባለችው ነጭ ካሜራ» አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተከለች። «ሁሉን ነገር ቀየርኩ» አለች። «እሱ የሰጠኝን ብቻ ነው መቀየር ያቃተኝ።»

ከሐኪም ቤት የወጣችው ጭንቅላቷ ላይ ፋሻ እንዳለ ነው። እህትየው ዕቃዋን ይዛለች፤ የሚሄዱበትን ቤት ዛሬ የሚያውቁት እሷና ኢንስፔክተሯ ብቻ ናቸው። ከበሩ ማዶ መሻገሪያው ላይ ምሰሶ አለ፤ ምሰሶው ላይ ትንሽ ነጭ ሳጥን። ልብስ ሰፊዋ አየችውና ቆመች። እግሯ አልንቀሳቀስ አለ።

ልጅቱ ቀና ብላ እናቷን አየች፤ ሳጥኗን አየች። ሹራቡ አሁንም አንድ እጅጌ ነው። ከዚያ የእናቷን እጅ ያዘችና ግራ እግሯን መጎተት ጀመረች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለች እናትየው ደንግጣ።

«እንዳይለዩን ነዋ።»

እህትየው ዕቃውን ወደ ሌላ እጇ አዛውራ እሷም ግራ እግሯን ጎተተች። ሃምሳ አለቃው በኢንስፔክተሯ አጠገብ ትንሽ ተቁነጠነጠ፤ ከዚያ ኮፍያውን አስተካክሎ፣ ግራ እግሩን አስፋልቱ ላይ እየጎተተ ተከተላቸው።

ኢንስፔክተሯ መንገዱን ግራና ቀኝ አየች። የሚመጣ መኪና አለመኖሩን ሁለት ጊዜ አረጋገጠች። ከዚያ ግራ እግሯን ከኋላዋ እየሳበች ወረደች።